የጠበበ የዳያሊሲስ ፊስቱላን በአልትራሳውንድ እየተመሩ በባሉን ማስፋት

ፊስቱላ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከወሊድ ጋር የሚመጣውን ሕመም ነው። የኩላሊት እጥበት ታካሚ ክንድ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው፦ ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ሕክምና የተገናኙበት፣ አብዛኛውን ጊዜ እጅ አንጓ ወይም ክርን ላይ የሚሠራ ነው። ደም ቅዳው ሲገፋው ደም መልሱ በሳምንታት ውስጥ ይሰፋል። ለእጥበት ብቁ ለመሆን ስፋቱ ወደ 6 ሚሊ ሜትር፣ ፍሰቱም በደቂቃ ወደ 600 ሚሊ ሊትር ሊደርስ ይገባል።

ይህ ደም መልስ ለዚህ ግፊት አልተፈጠረም። ደሙ ሲሽከረከርበትና መርፌ ሲደጋገምበት የውስጥ ግድግዳው ይወፍራል፤ መንገዱ ይጠብባል። እጅ አንጓ ላይ በተሠራው በብዛት የሚጠበው ደም ቅዳውና ደም መልሱ የተገጣጠሙበትን ቦታ አለፍ ብሎ ነው፤ ክርን ላይ በተሠራው ደግሞ ትከሻ አጠገብ።

ጤነኛ ፊስቱላ ሲነካ፣ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ እጅ ሲያስቀምጡ እንደሚሰማው ያለ የማያቋርጥ ንዝረት አለው። ንዝረቱ ጠፍቶ ልብ ምት ብቻ የሚመታ ከሆነ መውጫው ጠብቧል ማለት ነው። ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ ደም መልሱ ሳይሟሽሽ ከቀረ፣ መርፌ ከወጣ በኋላም ደሙ እንደ ወትሮው ቶሎ ካልቆመ ያው ነው። ማሽኑ ደም መሳብ እያቃተው ከጮኸ ግን ችግሩ መግቢያው ላይ ነው። ለሕክምና ከደሴ አዲስ አበባ መሄድ ካስፈለገ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፊስቱላው ፈጽሞ ከተዘጋ በኋላ የሚጠፋው እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ ያስከፍላል፤ ደሙ ሲረጋ ማስከፈቱ እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ የደሴም የኮምቦልቻም ታካሚ ጠዋት ጠዋት እጁን ፊስቱላው ላይ ማሳረፍ አለበት። የደሴ ብርድ ቢያስገድድም ጠባብ የሹራብ እጅጌ እዚያ ክንድ ላይ አይለበስም፤ ተጭነውትም አይተኙም።

ጥበቱን በባሉን፣ ማለትም በቱቦ ጫፍ ባለ ትንሽ ፊኛ፣ የማስፋቱ ሕክምና በአልትራሳውንድ ሲመራ ራጅም ቀለም መድኃኒትም አይፈልግም። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ጥበቱን ይለካል፤ ስፋቱ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰና ምልክት ካለ ይሠራል። ቦታው በሊዶኬይን ይደነዝዛል፣ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል። ጥበቱ ደም ቅዳውና ደም መልሱ ከተገጣጠሙበት ቦታ አጠገብ ከሆነ መርፌው ከፍሰቱ በተቃራኒ ይገባል። በቀጭን ቱቦ ውስጥ መሪ ሽቦ ጥበቱን ያልፋል፤ ባሉኑ በሽቦው ላይ ይከተላል። የባሉኑ ስፋት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከአጠገቡ ካለው ጤነኛ ደም መልስ ከ10 እስከ 20 በመቶ እንዲበልጥ ይመረጣል። የሚሞላው በጨው ውኃ ነው፤ አየሩ አስቀድሞ መውጣት አለበት፣ ባሉኑ ቢፈነዳ አየር ወደ ደም እንዳይገባ።

ስክሪኑ ላይ ባሉኑ መጀመሪያ ወገቡ የታሰረ ይመስላል። ግፊቱ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ ወገቡ አንዳንዴ በ8፣ ጠባሳው ጠንካራ ሲሆን ከ20 አትሞስፌር በላይ ይለቃል። ከዚያ ለ1 ወይም 2 ደቂቃ ይያዛል። ወገቡ ሳይጠፋ ማቆም በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ጥበቱ በሳምንታት ይመለሳል።

ሲነፋ ማመሙ ይጠበቃል። ባሉኑ ከተነፈሰ በኋላ ሕመሙ ከቀጠለ ግን ደም መልሱ ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ባሉኑን መልሶ በዝቅተኛ ግፊት ለ3 እስከ 5 ደቂቃ መንፋት ብዙ ጊዜ ደሙን ያቆማል። ከአንገት አጥንት ሥር ያለ ጥበት በአልትራሳውንድ በደንብ ስለማይታይ ለራጅ ክፍል ይተዋል።

መልካም ውጤት ከተገኘ ንዝረቱ እዚያው ይመለሳል፤ ቀጣዩ እጥበትም በዚያው ፊስቱላ ይሠራል። ጥበቱ ግን በወራት ውስጥ ዳግም ሊመጣ ስለሚችል ፍሰቱ በየጊዜው ይለካል፤ በደቂቃ ከ500 ሚሊ ሊትር በታች ከወረደ እንደገና ይመረመራል።