የአጭር ጊዜ ትውስታ ልክና አለካኩ

የአጭር ጊዜ ትውስታ ሰው አሁን የሰማውን ወይም ያየውን ለጥቂት ሰከንዶች በአእምሮው ይዞ የሚያቆይበት ችሎታ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ የስልክ ቁጥር የተነገረው ሰው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እስኪመዘግብ ድረስ ቁጥሩን በከንፈሩ ያነበንባል፤ በመሐል አላፊ አግዳሚው «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብሎት «አራት ከሩብ» ብሎ ሲመልስ ግን የቁጥሩ መጨረሻ ይጠፋበታል። ፈተናዎቹ የሚለኩት ምን ያህል እንደሚያዝና ምን እንደሚያጠፋው ነው።

ከሁሉም የታወቀው ጆሴፍ ጄከብስ በ1887 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የአኃዝ ፈተና ነው። ፈታኙ በየሰከንዱ አንድ አኃዝ እየጠራ ከጥቂት ጀምሮ ቁጥሩን ያረዝማል፤ ተፈታኙም በቅደም ተከተሉ፣ ኋላም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። ድምፅ ከፍና ዝቅ ካለ አኃዞቹ ለሰሚው በቡድን በቡድን ስለሚከፋፈሉ፣ ፈታኙ በአንድ ወጥ ድምፅ መጥራት ይኖርበታል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር በ1956 ልኩን ሰባት ገደማ፣ ሁለት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ብሎ አስቀመጠ፤ ኔልሰን ካዋን ደግሞ በ2001 መደጋገምና ማቧደን ሲከለከል ወደ አራት እንደሚወርድ አሳየ። የሚቆጠረው ግን ነጠላው አኃዝ ሳይሆን ጥቅሉ ነው። «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ሰባት ፊደል ቢሆንም ፊደል ለቆጠረ ልጅ አንድ ጥቅል ነው፤ ለባሕር ዳር ሰውም 0918 አንድ ነገር ስለሆነ ከአሥሩ የስልክ አኃዝ በአዲስነት የሚይዘው ስድስቱን ብቻ ነው።

ቋንቋም ልኩን ይለውጠዋል። አለን ባድሊና ባልደረቦቹ በ1975 እንዳሳዩት፣ ሰው በቃል የሚይዘው በሁለት ሰከንድ ገደማ ሊናገር የሚችለውን ያህል ነው፤ ስለዚህ ረዘም ያሉ ቃላት ቁጥሩን ይቀንሱታል። የአማርኛ አኃዞች ከአንድና ከሦስት በቀር ሁለት ሁለት የድምፅ ክፍል ስላላቸው፣ በሌላ ቋንቋ የወጣን መለኪያ እንዳለ ወስዶ በጣና ዳር ያለን ሕፃን መመዘን ልጁን መበደል ነው።

ፒተርሰንና ፒተርሰን በ1959 ሦስት ተነባቢዎችን ካሰሙ በኋላ ተፈታኙን በሦስት በሦስት ወደ ኋላ ያስቆጥሩት ነበር፤ ከ18 ሰከንድ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነበር። በአማርኛ ይህን ለመሥራት መራጩ ይጠንቀቅ፤ ሰ፣ ላ፣ ም ብሎ የጠራ ሰው ሦስት ፊደል ሳይሆን አንድ ቃል ሰጥቷል።

ልምምድ ልኩን ያሰፋዋል? በ1980 በታተመ ጥናት አንድ ተማሪ በሰባት አኃዝ ጀምሮ ከ200 ሰዓት በላይ በፈጀ ልምምድ 79 ደረሰ። ሯጭ ስለነበር አኃዞቹን የሩጫ ሰዓት እያደረገ ይጠቀልላቸው ነበር፤ ፊደል ሲሰጠው ግን ወደ ስድስት ተመለሰ። ስለዚህ የሰፋው የጥቅሉ ማሰሪያ እንጂ ልኩ አይደለም።

የጎጃም ቅኔ ቤቶችን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይደለም። ተማሪው ብቻውን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያለ ወረቀት ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በአእምሮው ያዘጋጃል፤ ሁለት ቤት (ስንኝ) ባለው የቅኔ ዓይነት በጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ስምንቱን ቤት የሚይዝለት የግእዙ አገባብ፣ የዜማው ልክና የሰምና ወርቁ ትስስር ነው፤ እነዚህ ለዓመታት የተቀመጡ ስለሆኑ አዲሱን ቃል ይሸከሙለታል። ሲመሽ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ እርሳቸው አንዷን ቃል ካረሙለት፣ እርማቱን ከነቦታው ይዞ ቅኔውን ከመጀመሪያው ይደግመዋል።