ማዮኔዙን ያለ ጥፋቱ አትውቀሱት፦ ስለ ቱና መኮሮኒ ሰላጣ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ዓመት ግንቦት 1 ለልደታ የሰፈራችን ሰው እንደ ልማዱ ደጅ ላይ ተሰበሰበ። ንፍሮው፣ ዳቦው፣ ቡናው ቀረበ። እኔ ደግሞ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን የቱና መኮሮኒ ሰላጣ ይዤ ወጣሁ። ልጆቹ ተሻሙበት። አክስቴ ግን ሳህኑን አየት አድርጋ እጇን ሰበሰበች። «ልጄ፣ ማዮኔዝ እኮ ፀሐይ ላይ መርዝ ነው» አለችኝ። ከጎኗ የተቀመጠችው ጎረቤታችን «ቱናውን ሳታበስዪው ነው እንዴ የቀላቀልሽው?» ብላ ጠየቀች። ሌላዋ ደግሞ «ፓስታ ቀዝቅዞ ይበላል?» አለች።

ሦስቱም ያሉት ከአሳቢነት ነው። እኔም ይህን ሰላጣ መሥራት ስጀምር ብዙውን ነገር እንደነሱ ነበር የማስበው። የጎንደር ፀሐይ ጠንከር በሚልበት ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ግን ለብዙ ሰው የሚሆን እንዲህ ያለ ምግብ ማግኘት ከባድ ነው። ከዋዜማው ይሠራል፣ ያድራል፣ በማግስቱ እሳት አይፈልግም። ችግሩ ስለሱ የምናምነው ነገር ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ፓስታ ትኩስ ካልሆነ አይበላም»

ይህን የምንለው ፓስታን የለመድነው በትኩስ ስጎ ስለሆነ ነው። የጎንደር ፒያሳ ስሙም ሕንጻዎቹም የጣሊያን ጊዜ ትዝታ ናቸው፤ ፓስታውም በዚያው መንገድ ቤታችን ገብቶ የራሳችን ሆኗል። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ግን በሙቀት ወራት ፓስታን አቀዝቅዘው ከቱና፣ ከቲማቲምና ከወይራ ጋር ይበሉታል። «ኢንሳላታ ዲ ፓስታ» ይሉታል፤ የፓስታ ሰላጣ ማለት ነው።

ብቻ ረጅሙን ፓስታ ለዚህ አትጠቀሙ። ሲቀዘቅዝ ይያያዛል፣ ቱናውንም አይዝም። መኮሮኒ ውሰዱ። ጠመዝማዛው ከተገኘ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ማዮኔዙና የቱናው ፍርፋሪ በየጥምዝምዙ ይገባል።

«ሰላጣውን የሚያበላሸው ማዮኔዙ ነው»

የአክስቴ ስጋት ይህ ነው። ከሁሉም በላይ የተስፋፋውም እሱ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ከሱቅ የምንገዛው ማዮኔዝ ዘይት፣ እንቁላል እና ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ነው። ፋብሪካ የሚጠቀምበት እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ጀርሙ በሙቀት የተገደለ ነው። ኮምጣጣነቱም ባክቴሪያ እንዳይራባ ያግዳል። ስለዚህ ሳህኑ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ማዮኔዙ ራሱን የሚጠብቅ ነው። በቀላሉ የሚበላሹት መኮሮኒውና ቱናው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። እንደ ሩዝና ፓስታ ያሉ ምግቦችን ይወዳል። ውሃ ሲፈላ ራሱ ቢሞትም እንደ ዘር ሆኖ የሚደበቅበት ቅርጽ አለው፤ ያ መፍላትን ይቋቋማል። የተቀቀለው መኮሮኒ ለብ ብሎ ብዙ ሰዓት ሲቀመጥ ይነቃና ይራባል። ሲራባ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ ምግቡ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም። «ሞቅ ካደረግኩት ምን ይለኛል» የሚባለው አይሠራም ማለት ነው። ቱናም ተከፍቶ ሙቀት ላይ ከቆየ ሂስታሚን የሚባል ነገር ያመነጫል። ፊት ያቀላል፣ ራስ ያሳምማል፤ እሱንም ማሞቅ አያጠፋውም።

ባክቴሪያ የሚመቸው ሙቀት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ነው። የደጅ ጠረጴዛችን ሙቀት በዚህ መሀል ነው ያለው። ስለዚህ የሚቆጠረው ሰዓቱ ነው፦ ከፍሪጅ ከወጣ ቢበዛ 2 ሰዓት፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ 1 ሰዓት ብቻ። ጎንደር በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ወደ 30 ዲግሪ ትጠጋለች። ያ የጥላው ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ሳህን ከዚያ በላይ ይሞቃል።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ሰላጣውን በሁለት ሳህን እከፍለዋለሁ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። ከዋዜማው ሁለት ሦስት ሃይላንድ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አረጋለሁ። በማግስቱ ሰፋ ያለ ሳፋ ላይ አጋድሜ የሰላጣውን ሳህን እላያቸው ላይ አስቀምጣለሁ። መብራት ቢጠፋም እነዚያው ሃይላንዶች ፍሪጁ ውስጥ ገብተው ቅዝቃዜውን ለጥቂት ሰዓት ይይዙልኛል።

አክስቴ ትክክል የምትሆንበት አንድ ቦታ አለ። ማዮኔዙን ቤት ውስጥ በጥሬ እንቁላል ከመታችሁት ስጋቱ እውነተኛ ነው። ለደጅ ግብዣ እሱን ተዉት።

«ቱና ስለሆነ የጾም ነው»

ይህ ስህተት ሰውን ስለሚያሳዝን በደንብ መነገር አለበት። ሥጋ የለበትም ብለን ለጾመኛ እናቀርባለን፤ ማዮኔዙ ውስጥ ግን የእንቁላል አስኳል አለ። ማዮኔዝ ነጭ ስለሆነ ብዙ ሰው ከወተት የሚሠራ ይመስለዋል። ወተት የለውም፤ እንቁላል ግን አለው። ስለዚህ ጾም ያስፈታል። የዓሣው ነገር ደግሞ የየሰው ልማድ ይለያያል። በጾም ዓሣ የሚበላ አለ፤ በተለይ በዐቢይ ጾም ጨርሶ የማይነካም አለ። እንግዳችሁን ቀድማችሁ ጠይቁት፤ ራሳችሁም ካላወቃችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

የልደታ ዕለት ግን በዚህ አትጨነቁ። ግንቦት 1 ሁልጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው የሚውለው፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን እንኳ ጾም የለም።

በጾም ቀን ማዮኔዙን በሰናፍጭ ተኩት። ለግማሽ ኪሎ መኮሮኒ 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የ2 ሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ። መክደኛ ባለው ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ በደንብ ናጡት። ሰናፍጩ ዘይቱንና ሎሚውን ያያይዛቸዋል፤ ቶሎ አይለያዩም። እውነቱን ለመናገር እኔ በፍስክም ይህን የምመርጥበት ቀን ይበዛል። ሰናፍጩ አፍንጫ ነካ ሲያደርግ ቱናው ይጣፍጣል።

«ቱናው ሳይበስል አይበላም»

የታሸገ ቱና የበሰለ ነው። ጣሳው ከታሸገ በኋላ ከ110 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በግፊት ይቀቀላል፤ ለዓመታት ያለ ፍሪጅ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። በሽንኩርት መጥበስ ለትኩስ ፓስታ ጥሩ ነው። ለሰላጣ ግን ያደርቀዋል። ከፍታችሁ ዘይቱን ወይም ውሃውን ጨምቃችሁ አውጡት፣ በሹካ ገነጣጥሉት፣ በቃ። ለግማሽ ኪሎ መኮሮኒ 3 ጣሳ ይበቃል።

የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሌላ ነው። የተነፋ ወይም የሚያንጠባጥብ ጣሳ አትክፈቱ፤ ጣሉት። ቀኑን ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡት። 01/2027 የሚል ጣሳ መስከረም ማለቱ አይደለም፤ በእኛ 2019 ጥር አካባቢ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆመን ወሩን በራሳችን አቆጣጠር የምንቆጥር ብዙ ነን።

ቱና የባሕር ዓሣ ነው፤ ጣና ውስጥ የለም። የስሙ መመሳሰል አንዳንዱን ሰው ያሳስታል። ግን ከጎርጎራ በኩል ትኩስ ቆሮሶ (የጣና ዓሣ) ካገኛችሁ ለምን አትሞክሩትም? በጨውና በሎሚ ቀቅላችሁ፣ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅማችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ አስገቡት። እሱ ግን እንደ ጣሳው አይጠብቃችሁም። በገዛችሁት ቀን ሥሩት።

«ፓኬቱ 8 ደቂቃ ካለ 8 ደቂቃ ነው»

ጎንደር ላይ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳቱን ብትጨምሩም ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ መኮሮኒው ተጨማሪ ደቂቃ ይፈልጋል፤ በእኔ ምድጃ ሁለት ሦስት ደቂቃ።

ለሰላጣ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። ፓስታ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ትኩስ እያለ ጥርስ ላይ ያዝ የሚያደርገው፣ ጣሊያኖች «አል ዴንቴ» የሚሉት፣ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ሲወጣ ጥሬ ይመስላል። አንዱን አውጥታችሁ ቁረጡት። መሀሉ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ ይቆይ። ነጥቡ ሲጠፋ አንድ ደቂቃ ጨምሩና አውርዱ።

ውሃው ላይ ዘይት ጠብ ማድረግ እንዳይጣበቅ ይረዳል የሚባለውም ትክክል አይደለም። ዘይቱ እላይ ይንሳፈፋል። የሚረዳው ብዙ ውሃና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ማማሰል ነው።

«የተቀቀለ ፓስታ በውሃ አይታጠብም»

ለስጎ ከሆነ እውነት ነው። ላዩ ላይ ያለው ስታርች ስጎውን ይይዝለታል። ለሰላጣ ግን ያው ስታርች ነው እንደ ሙጫ የሚያጣብቀው። በቀዝቃዛ ውሃ ስታለቀልቁት ስታርቹም ይሄዳል፣ መብሰሉም ይቆማል። ማዮኔዝ ትኩስ መኮሮኒ ላይ ሲገባ ዘይቱ ይለያል፤ ሳህኑ ሥር ቅባት ያቁራል። ስለዚህ ቀድሞ መቀዝቀዝ አለበት።

ውሃውን ግን ተጠንቀቁ። መኮሮኒው ከዚህ በኋላ እሳት አያይም። ከበርሜል የተቀዳ ውሃ ከተጠቀማችሁ የማፍላቱን ጥቅም አጣችሁት። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ማታ አዘጋጁ፤ ቲማቲሙንና ቃሪያውንም በእሱ አለቅልቁ። ንጹሕ ውሃ ከሌለ አታለቅልቁት። በደንብ አጥልላችሁ፣ ትንሽ ዘይት ነካ አድርጋችሁ፣ ሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት። በጥቂት ደቂቃ ይበርዳል።

ትንሽ ለብ ካለ በኋላ ፍሪጅ አስገቡት። «ጨርሶ ሳይቀዘቅዝ ፍሪጅ ይበላሻል» እያልን ሌሊቱን ኩሽና ውስጥ መተው ነው ምግቡን የሚጎዳው።

«አንዴ ከተቀላቀለ አለቀ»

አላለቀም። መኮሮኒ ሌሊቱን ማዮኔዙን ይመጥጣል። ማታ እርጥብ የነበረው ጠዋት ደረቅ ይሆናል። ለግማሽ ኪሎ 1 ኩባያ ያህል ማዮኔዝ ካዘጋጃችሁ ሁለት ሦስተኛውን ማታ ቀላቅሉ፤ የቀረውን ሊቀርብ ሲል። ማዮኔዝ የሚከብደው ሰው ግማሹን በወፍራም እርጎ ቢተካው ቀለል ይላል። ቲማቲሙ ፍሬውና ውሃው ወጥቶ በመጨረሻ ይግባ፤ አለበለዚያ ሰላጣው ውሃ ይቋጥራል። ሽንኩርቱን ደቃቅ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆዩት። መፋጀቱ ይቀንሳል፣ በማግስቱም አይሸትም።

ጨውና ሎሚውን የምትቀምሱት ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን። ቅዝቃዜ ጣዕም ያደበዝዛል። ማታ ትክክል የነበረው ጠዋት አልጫ ይሆናል።

«የተረፈው ለማታ ይሆናል»

የትኛው የተረፈ? ደጅ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየው ሳህን ይደፋል። እንጀራ ሳይቀር ቆጥበን የምናደርቅ ሰዎች ስለሆንን ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ትንሽ ትንሽ አድርጎ ማውጣት የሚሻለው። ፍሪጅ ውስጥ የቆየው ሁለተኛው ሳህን ግን በመክደኛ ከተዘጋ እስከ 3 ቀን ይበላል።

የዘንድሮ ልደታ ለአክስቴ የቀረበላት ከዚያኛው ነው። ቀዝቃዛውን ሳህን በእጇ ዳሰሰችና ጭልፋውን አነሳች።