ቱር ካርድ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ተንታኝ ስለ አንድ ወጣት የዳርት (ትንንሽ ቀስቶችን ሰሌዳ ላይ የመወርወር ስፖርት) ተጫዋች ሲያወራ ሰማሁት። «ቱር ካርድ ፈርሟል፤ ከእንግዲህ የገንዘብ ችግር የለበትም» አለ። ይህን አባባል ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። «ፈርሟል» የምትለዋ ቃል ናት የምታናድደኝ። ቱር ካርድ አይፈረምም። የሚያስፈርም ክለብ የለም፣ ደሞዝ የለም፣ የፊርማ ገንዘብም የለም።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። እዚህ እንግሊዝ አገር በግላቸው የሚሠሩ ሰዎችን ሂሳብ እይዛለሁ። ዳርት ደግሞ ነፍሴ ነው። ስለዚህ ይህ ስህተት በሁለት በኩል ያመኛል።

ካርዱን የሚሰጠው ፒዲሲ የሚባለው የዳርት ውድድር አዘጋጅ ድርጅት ነው። 128 ሰዎች ብቻ ይይዙታል፤ በውድድሮቹ ለመሳተፍ ለሁለት ዓመት መብት ይሰጣል። ይኸው ነው።

የአዲስ አበባን ታክሲ አስቡት። ቱር ካርድ ማለት ታፔላ ነው። ታፔላ ያለው ሚኒባስ በዚያ መስመር መጫን ይችላል። ታፔላው ግን ነዳጅ አይሞላም፣ ጎማ አይቀይርም፣ ተሳፋሪም አይጠራም።

በቴሌቪዥን የምናየው የዓለም ሻምፒዮና በሚካሄድበት በለንደኑ አዳራሽ፣ በአሌክሳንድራ ፓላስ፣ የሚዘፍነውን ሕዝብ ነው። የካርዱ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ግን እዚያ አይደለም። ፕሌየርስ ቻምፒየንሺፕ የሚባሉት ውድድሮች በዓመት ከ30 በላይ ናቸው። በዊጋን፣ በሌስተር ወይም በጀርመኗ ሂልደስሃይም አዳራሽ ውስጥ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ተመልካች የለም። ቀድሞ ስድስት ሌግ (የጨዋታው አንድ ክፍል) ያሸነፈ ያልፋል። 128 ሰው ይጀምራል፤ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 64ቱ ዕቃቸውን ይሸክፋሉ። በ2025 እነዚያ 64 ሰዎች ከሽልማቱ የሚደርሳቸው ዜሮ ነበር፤ አሸናፊው 15 ሺህ ፓውንድ ይወስድ ነበር። የተሸነፈው ሰውዬ ግን የባቡሩንም የሆቴሉንም ከኪሱ ከፍሎ መጥቷል። ግማሹ ሚኒባስ ነዳጁን አቃጥሎ ባዶውን ተመለሰ ማለት ነው። ስፖንሰር ያለው ይኖራል። ሌላ ሥራ እየሠራ የሚወዳደርም አለ።

እዚህ ላይ የሙያዬን ልናገር። የሽልማት ገንዘብ ገቢ እንጂ ትርፍ አይደለም። ወጪው ይቀነሳል፣ ከተረፈውም ላይ ግብር ይከፈላል። «እገሌ በሁለት ዓመት ይህን ያህል አገኘ» ሲባል ስሰማ መጀመሪያ የማስበው የደረሰኞቹን ክምር ነው።

ሰዎች ያንን ቁጥር የሚያገኙት ኦርደር ኦፍ ሜሪት ከሚባለው የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። እሱም የባንክ ደብተር አይደለም። ያለፉት ሁለት ዓመታት የሽልማት ገንዘብ ተደምሮ ደረጃ ይወጣል፤ ሁለት ዓመት የሞላው ገንዘብ ይወርዳል። ፕሪሚየር ሊግ የሚባለው የዳርት ውድድር (የእግር ኳሱ አይደለም) ሽልማት ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም። ማይክል ስሚዝ በጃንዋሪ 2023 የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ 500 ሺህ ፓውንድ ወሰደ። ሁለት ዓመት ሲሞላ 2ኛ ደረጃ ላይ ሆኖ ወደዚያው መድረክ ተመለሰ። በመጀመሪያ ጨዋታው በኬቪን ዱትስ ተሸነፈ። ያ 500 ሺህ ከሰንጠረዡ ወረደ፣ እሱም ከምርጥ አስሩ ወጣ። ከባንክ ሂሳቡ ግን ማንም ሳንቲም አልነካበትም።

ተንታኙ «ሮብ ክሮስስ?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ክሮስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ካርድ ያዘ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ታዋቂውን የዳርት ተጫዋች ፊል ቴይለርን 7 ለ 2 አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እኔም ያን ቀን እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ ነው ያየሁት። ግን ገንዘቡን ያመጣለት ድሉ ነው፤ ካርዱ ያደረገለት ሰልፍ ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። ሉክ ሊትለርማ ነገሩን ገልብጦታል። በ16 ዓመቱ ለ2024ቱ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ሲደርስ ካርድ አልነበረውም። ለሁለተኛ ደረጃ ያገኘው 200 ሺህ ፓውንድ ሰንጠረዡ ላይ ከፍ አደረገውና ካርዱ በዚያ መጣለት። ገንዘቡ ቀደመ፣ ካርዱ ተከተለ።

ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ በሰንጠረዡ ከምርጥ 64 ውስጥ ያለ ካርዱን ያቆያል። ከዚያ በታች ያለው ታፔላው ይነቀላል። ይህ የሚለየው የዓለም ሻምፒዮና ሲያበቃ፣ በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። በዚያው ወር ኪው ስኩል የሚባለው ማጣሪያ በእንግሊዝና በጀርመን ይካሄዳል። ካርዱን ያጣውም፣ ገና ከመንደር ክለብ የመጣውም አንድ ላይ ይወረውራሉ። ጃንዋሪ 31 ደግሞ እዚህ አገር በግሉ የሚሠራ ሰው ያለፈውን የግብር ዓመት ሂሳብ አስገብቶ የሚከፍልበት የመጨረሻ ቀን ነው። ካርዱን ያጣው ተጫዋች በማጣሪያው መልሶ ቢያገኘው እንኳ ሰንጠረዡ ላይ ከስሙ ፊት የሚጻፈው ዜሮ ፓውንድ ነው።