በአቫታር የተደረገ የሥራ ቃለ መጠይቅ እንደ እውነተኛ ይቆጠራል?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለተነሳ ነገሩን እንለየው። ሰዎች በአቫታር የሚገናኙበት የኢንተርኔት ምናባዊ ዓለም የሆነው ሰከንድ ላይፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተከፈተ በኋላ እንደ አይቢኤም ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች እዚያ ስብሰባ አካሂደዋል። ሥራ ፈላጊዎችን በአቫታር ያነጋገሩ ቀጣሪዎችም ነበሩ። አቫታር ማለት ስክሪኑ ላይ እርስዎን ወክሎ የሚንቀሳቀስ ምስል ነው።

አዎ፣ ይቆጠራል። ምስሉ የፈጠራ ቢሆንም የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። ለምሳሌ አንዲት አመልካች በአቫታሯ በኩል «አምስት ዓመት ሠርቻለሁ» ብትል ማስረጃ ትጠየቃለች። ውሸት ሆኖ ከተገኘ ሥራውን ልታጣ ትችላለች።

አቫታሩ ግን መታወቂያ አይደለም። ከጀርባው ማን እንዳለ አያሳይም። ስለዚህ ቀጣሪው ከመቅጠሩ በፊት ማንነቷን በሌላ መንገድ ማጣራት አለበት። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ንግግሩ ይቀረጻል ወይ፣ በእውነተኛ ስም መግባት ግዴታ ነው ወይ የሚለው ግን ከቀጣሪ ቀጣሪ ይለያያል። ከመግባትዎ በፊት ይጠይቁ።