ስትሪንግን ወደ ኢንቲጀር መቀየር ምንድን ነው?

ተጠቃሚ ፎርም ላይ ዕድሜውን 25 ብሎ ሲሞላ ለፕሮግራሙ የሚደርሰው ሃያ አምስት የሚባል ቁጥር አይደለም። የሚደርሰው "2" እና "5" የተባሉ ሁለት ካራክተሮች፣ ማለትም የጽሑፍ ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ያለው የካራክተሮች ሰልፍ ስትሪንግ ይባላል። ኢንቲጀር ደግሞ ስሌት የሚሠራበት ሙሉ ቁጥር ነው። ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፦ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ "5" እና "3"ን በመደመር ምልክት ብታገናኙ የሚወጣው 8 ሳይሆን "53" ነው። ጽሑፎቹ ተያያዙ እንጂ አልተደመሩም።

ቅየራው ውስጥ ለውስጥ የሚሠራው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ካራክተር መለያ ቁጥር (ኮድ) በሚሰጠው በዩኒኮድ የ"0" ኮድ 48፣ የ"9" ደግሞ 57 ነው፤ በመካከል ያሉትም በተራ ይከተላሉ። ከአንድ አሃዝ ኮድ ላይ 48 ሲቀነስ የአሃዙ ዋጋ ይገኛል። "472"ን እንውሰድ፤ መነሻው 0 ነው። የ"4" ኮድ 52 ስለሆነ 48 ሲቀነስ 4 ይቀራል። ቀጥሎ "7" ሲመጣ በእጅ ያለው 4 በ10 ተባዝቶ 40፣ 7 ሲጨመር 47 ይሆናል። "2" ሲመጣ 47 በ10 ተባዝቶ 470፣ 2 ሲጨመር 472። በየዙሩ በ10 የሚባዛው አስቀድሞ የተነበበውን አሃዝ ከአንድ ቤት ወደ አስር ቤት፣ ከዚያም ወደ መቶ ቤት ለመግፋት ነው።

የግዕዝ ቁጥር በዚህ መንገድ የማይነበበውም ለዚህ ነው። ፬፻፸፪ ሲጻፍ መቶም ሰባም የየራሳቸው ምልክት አላቸው፣ ዜሮም የለም፤ ስለዚህ በ10 እያባዙ መሄድ አይሆንም። ፓይተን ላይ እዚህ ጋ ወጥመድ አለ። ኢዝዲጂት የሚባለው መፈተሻ "፩"ን አይቶ አሃዝ ነው ብሎ ያሳልፋል፤ ወደ ኢንቲጀር የሚቀይረው ኢንት ግን አይቀበለውም፣ ቫልዩኤረር የተባለ ስህተት ያስነሳል። በሌላ በኩል ኢዝዲጂት ትክክለኛ የሆነውን "-5" በመቀነስ ምልክቱ ምክንያት ይጥለዋል። አስቀድሞ ከማጣራት ይልቅ ኢንትን በትራይ (የሙከራ ክፍል) ውስጥ ጠርቶ ስህተቱን በኤክሴፕት (ስህተት ሲነሳ በሚሠራው ክፍል) መያዝ የተሻለ ነው።

ቋንቋዎቹ በጣም የሚለያዩት የማይነበብ ነገር ሲገጥማቸው ነው። "12ኪሎ" ብትሰጡት ፓይተን ስህተት ብሎ ይቆማል፤ የጃቫስክሪፕት ቋንቋ መቀየሪያ ፓርስኢንት ግን አሃዝ እስካለ ድረስ አንብቦ 12 ይመልሳል። ይህ ደግነት መስሎ ሊታይ ይችላል። "1,000" ሲገባ ግን ያው ፓርስኢንት ኮማው ላይ ቆሞ 1 ይመልሳል፤ አንድ ሺህ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ አንድ ሆነ ማለት ነው። ነምበር የሚባለው ሌላው የጃቫስክሪፕት ፈንክሽን "1,000"ን ናን (ቁጥር አይደለም) ብሎ ይመልሳል፣ ባዶ ስትሪንግን ግን 0 ያደርገዋል፤ ያልተሞላ ሳጥን ዜሮ ተብሎ እንዳይመዘገብ ባዶነቱን ለብቻ ፈትሹ። በሲ ቋንቋ ኤቱአይ የሚባለው መቀየሪያ "ኪሎ"ንም "0"ንም 0 ይላቸዋል፤ ንባቡ የት ላይ እንደቆመ የሚነግረውን ስትርቶል መጠቀም ያስፈልጋል። ስህተት አስነስቶ የሚቆም ፕሮግራም ያበሳጫል፣ ነገር ግን ችግሩ የት እንዳለ ያሳያል። የተሳሳተ ቁጥር ዳታቤዝ ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ያገኘዋል?

ክፍት ቦታም ያስቸግራል። ፓይተን ከፊትና ከኋላ ያለውን ራሱ ያራግፋል፤ የሌላው ቋንቋ፣ የጃቫ፣ ፓርስኢንት ግን " 42"ን አይቀበልም፣ መጀመሪያ በትሪም ክፍት ቦታው መራገፍ አለበት። ነጥብ ያለበት "12.5" በፓይተን በቀጥታ አይቀየርም፤ ወደ ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ተቀይሮ ከዚያ ወደ ኢንት ሲሄድ ክፍልፋዩ ተቆርጦ 12 ይቀራል።

መጠንም ወሰን አለው። ኢንት የሚባለው የጃቫ የቁጥር ዓይነት ከ2147483647 በላይ አይይዝም፤ አንድ ቢጨመርበት ቅየራው በስህተት ይቆማል። ጃቫስክሪፕት ግን "9007199254740993"ን በነምበር ሲቀይር 9007199254740992 ይሰጣል፣ ምንም ሳይል።

የስልክና የመታወቂያ ቁጥር ጭራሽ መቀየር የለባቸውም። ስሌት አይሠራባቸውም፤ ኢንቲጀር ከሆኑ ደግሞ ከፊት ያለው ዜሮ ይጠፋል፣ ስንት ዜሮ እንደነበረም ከቁጥሩ ላይ ተመልሶ ማወቅ አይቻልም።