ማይክሮግሊያና የካናቢኖይድ ተቀባዮች

ማይክሮግሊያ የአንጎል የመከላከያ ሴሎች ናቸው። ዘራቸው ከነርቭ ሴሎች አይደለም፤ ፅንሱ ገና ጥንስስ ሳለ ከአስኳል ከረጢት ተነሥተው አንጎል ውስጥ የሚሰፍሩ ናቸው። ስም ያወጣላቸው ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ነው፣ በ1919 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ሰላም ሲሆን ቀጫጭን እጆቻቸውን ዘርግተው ዙሪያቸውን ይዳስሳሉ። ጀርም ወይም ጉዳት ሲያጋጥማቸው እጃቸውን ሰብስበው ይድቦለቦላሉ፤ ቲኤንኤፍ-አልፋ፣ ኢንተርሉኪን-1 ቤታና ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባሉ የብግነት ኬሚካሎች ያመነጫሉ። የአንጎል ብግነት የሚባለው ይኸው ነው። ማጅራት ገትር በያዘው፣ ወይም ከመተማና ከቋራ ቆላ ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት ጎንደር በሚደርስ ሕመምተኛ ላይ እነዚህ ሴሎች ይነሣሉ። ብግነቱ ሥራውን ጨርሶ ካልበረደ ግን ነርቮቹን ራሳቸውን ይጎዳል።

ማብረጃ ከሚሆኑት አንዱ የካናቢኖይድ ተቀባይ ነው። ተቀባይ ማለት ሴሉ ላይ ተቀምጦ ኬሚካላዊ መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን ነው፤ እንደ ፋሲል ግቢ በር ማሰብ ይቻላል፤ ልዩነቱ መልእክተኛው በሩ ላይ ቃሉን ተናግሮ ይመለሳል እንጂ አይገባም። በ1990 ማንነቱ የተለየው ሲቢ1 በብዛት ነርቮች ላይ ነው፤ በ1993 የታወቀው ሲቢ2 ደግሞ የመከላከያ ሴሎች ላይ። ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው መልእክተኞች አናንዳሚድና ቱ-ኤጂ ናቸው። ተከማችተው አይቆዩም፤ ሲፈለጉ ከሴሉ ሽፋን ቅባት ይቆረጣሉ። ሲቢ2 ሲነካ ሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባለው የውስጥ መልእክተኛ ይቀንሳል፣ የብግነት ኬሚካሎቹም ይቀንሳሉ። ባረፈ ማይክሮግሊያ ላይ ሲቢ2 እምብዛም አይታይም፤ ሴሉ ሲቆጣ ይበዛል።

አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቱ-ኤጂን የሚሰባብረው ኤንዛይም (ማግል ይሉታል) አራኪዶኒክ አሲድ ይተዋል፤ ከዚያም ብግነት የሚያባብሱ ፕሮስታግላንዲኖች ይሠራሉ። የማብረጃው ስብርባሪ ማገዶ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ኤንዛይሙን ማገድ በአይጦች ላይ በሁለት መንገድ ይጠቅማል፤ ማብረጃው ይቆያል፣ ማገዶው ያንሳል። ከአይጥ ወደ ሰው መሻገሩ ግን ቀላል አይደለም፦ በ2016 ፈረንሳይ ውስጥ አናንዳሚድን የሚሰባብረውን ኤንዛይም የሚያግድ መድኃኒት ሲሞከር አንድ በጎ ፈቃደኛ ሞቷል። ሲቢ2ን ለማየት የሚያገለግሉት ፀረ-አካላትም ሌላ ፕሮቲን ላይ ስለሚጣበቁ፣ የቆዩ ሥዕሎችን ሁሉ ማመን አይገባም።

«ካናቢኖይድ» የሚለው ስም ከካናቢስ ዕፅ መጣ እንጂ ተቀባዩ ለዕፁ አልተፈጠረም። ዕፁ በአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ በቀድሞው በጌምድር፣ ከጣና ምሥራቅ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ጋር አይምታታ) ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን የሚጠጉ የሸክላ ጋያዎች የካናቢስ ቅሪት ይዘው ተገኝተዋል። ዛሬ ሕጉ ይከለክለዋል፤ በተለይ ሲቢ1ን የሚነካው፣ ቲኤችሲ የሚባለው የዕፁ ንጥረ ነገር አእምሮን ያሰክራል።

ከሁለቱ ተቀባዮች ሲቢ2ን ብቻ የሚነካ ነገር ለመፈለግ ግን ሩቅ መሄድ አያሻም፦ ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ቤታ-ካሪዮፊሊን ሲቢ2ን ይነካል፣ አያሰክርም። አንድ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ውስጥ ያለው መጠን ግን ለአይጦቹ ከሚሰጠው ጋር አይወዳደርም።