20 በመቶው ከምን ላይ ይሰላል?

ጅማ ላይ ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ ቡና ነጋዴው መቶ ሺህ ብር ከመስጠቱ በፊት «ስንቱ ለቢሮ ይሄዳል?» ይላል። መጠየቁ ልክ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም ይላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ጠቅላላ ገቢ» የሚለው ላይ ነው። ስሌቱ በእያንዳንዱ ልገሳ አይደለም። ከነጋዴው መቶ ሺህ ላይ የግድ 20 ሺህ ይቆረጣል ማለት አይደለም። 20 ጣሪያ ነው፤ ከዚያ ቢያንስ እሰየው።

የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ አስተዳደራዊ ናቸው። የማስታወቂያ ወጪም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ባነር ስታሳትሙ አትርሱት። ለተማሪዎቹ የሚገዛው ደብተር ግን የፕሮጀክት ወጪ ነው። ስፖንሰር ጋ ስትሄዱ ሁለቱን ለይቶ የሚያሳይ የአንድ ገጽ በጀት ያዙ።